እርግዝና አለ፤ የት እንዳለ አልታወቀም

አዋላጇን በስሟ የሚጠራት ሰው በክሊኒኩ ውስጥ አልነበረም። «ቆይ እስቲ» ነበር የምትባለው። ስሙን ያወጡላት ካርድ ክፍል የሚሠሩት ናቸው። በቀን ስንት ጊዜ «ቆይ እስቲ» እንደምትል አንድ ቀን ሊቆጥሩ ተነሥተው፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሠላሳ አንድ ሲሞላ ሰልችቷቸው ተዉት።

እኔ በዚያ ክሊኒክ አንሶላና የምርመራ ጨርቅ አጥብ ነበር፤ የተቀደደውንም እጠግናለሁ። የእኔን ክፍልና የእሷን የአልትራሳውንድ ክፍል የሚለያቸው አንድ ስስ ግድግዳ ስለነበር፣ መርፌዬን ይዤ ተቀምጬ በኮቴዋ ብቻ ነገሩ እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። የመጣችው ሴት ደህና ከሆነች አራት እርምጃ ወደ መስኮቱ፣ አራት እርምጃ ወደ ማሽኑ ትሄዳለች። ያልጣማት ነገር ካለ ግን ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄዳ፣ የተዘጋውን የመድኃኒት ቤት በር እጀታ ነካ አድርጋ ትመለሳለች። የጫማዋ ተረከዝ በአንድ በኩል ብቻ ያለቀ ነበር። ምሳዋን ቆማ ነው የምትበላው፤ ግማሹን ዳቦ መሳቢያ ውስጥ ትረሳውና በማግስቱ እኔ አገኘዋለሁ። ሆድ ላይ የሚቀባውን ዝልግልግ ቅባት ከነጠርሙሱ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ታስቀምጠዋለች። «ሲቀዘቅዛቸው ሆዳቸውን ያጠብቃሉ፤ ሆድ ሲጠብቅ እኔ እታወራለሁ» ትላለች።

ሌሎቹን የሚያስቃቸው ግን አጻጻፏ ነበር። የሽንት ምርመራዋ እርግዝና አለ ብሎ፣ በአልትራሳውንድ ሲታይ ማህፀኗ ውስጥ ምንም ያልተገኘ ሴት ስትመጣ፣ ሌሎች «ገና ነው» ወይም «ወርዷል» ብለው ይጽፋሉ። እሷ እንደዚያ አትጽፍም። «እርግዝና አለ፤ የት እንዳለ አልታወቀም» ብላ ትጽፍና ከሥር በቀይ እስክሪብቶ የሦስተኛውን ቀን ቀጠሮ ታሰምርበታለች። ዛሬ የደም ምርመራ፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ ሌላ የደም ምርመራ።

«ምነው ሲስተር፣ እርግዝናው ጠፍቶ ነው? ለፖሊስ እናመልክት?» ይሏታል ካርድ ክፍሎቹ።

«ሳቁ፣ ሳቁ። ከነገ ወዲያ ግን ካርዷን አውጥታችሁ ጠብቁኝ።»

አንድ ቀን የጋውኗን ኪስ ስሰፋላት እንዲህ ያደረጋትን ነገር ነገረችኝ። ከዓመታት በፊት አንዲቱን «ከማህፀን ውጪ ነው ያረገዘችው» ብላ በአምቡላንስ ልካታለች። እዚያ ያለው ሐኪም ሳይቸኩል አንድ ሳምንት ሲጠብቅ፣ ማህፀኗ ውስጥ ልብ ሲመታ ታየ። ሌላዋን ደግሞ «ገና ነው፣ ሂጂ» ብላ ሸኘቻት። በአራተኛው ቀን የማህፀን ቱቦዋ ፈንድቶ ገበያ መሀል ወደቀች። በስንት መከራ ተረፈች።

«ልጁ አሁን ሁለተኛ ክፍል ነው» አለችኝ። «ቦርሳውን አዝሎ በዚህ በር ሲያልፍ አየዋለሁ። ሴትዮዋንም አያታለሁ፤ አትክልት ትሸጣለች። በዚህ ብሳሳት ልጅ ይጠፋል፣ በዚያ ብሳሳት እናት። ታዲያ እኔ የት ልቀመጥ፣ እትዬ?»

ክሩን በጥርሴ በጠስኩና ጋውኑን ሰጠኋት።

ሰኞ ጠዋት የእህቴ ልጅ መጣች፤ እኔ ልጄ ነው የምላት።

በምትሠራበት ስፌት ቤት «ሚጢጢ» ይሏታል፤ ቆማ እንኳ ከስፌት መኪናው ብዙም አትበልጥም። ካገባች አራት ዓመቷ ነው። በነዚህ አራት ዓመታት የሰው ልጅ ስታቅፍ ፊቷን ወደ ግድግዳ እንደምታዞር ያየሁ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ያን ቀን ግን ኮሪደሩን እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«አክስቴ፣ ሁለት መስመር! በሁለት ዓይነት መመርመሪያ ሞከርኩት፣ ሁለቱም ሁለት መስመር!»

ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሥራውን ትቶ አብሯት መጥቶ፣ ቆቡን በእጁ እያዞረ በር ላይ ቆሟል። ቆይ እስቲ ግን የሰማችው ሌላውን ነበር። ሚጢጢ በደስታዋ መሀል፣ ከትናንት ጀምሮ ትንሽ ደም እንደታያትና ግራ ጎኗን ወጋ እንደሚያደርጋት እንደ ዋዛ ጣል አድርጋ ነበር።

አንሶላውን ቀይሬ ልወጣ ስል ልጄ እጄን ያዘች። «አክስቴ፣ አትሂጂ።» ቀረሁ።

«የመጨረሻው የወር አበባሽ መቼ ጀመረ?» አለች ቆይ እስቲ።

«ዛሬ ሠላሳ አንድ ቀኑ።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እንዴ! በክር ታስሯል እኮ!» ብላ ሳቀች። ቆይ እስቲም አብራት ፈገግ አለችና ቀኑን ጻፈች። ውጪ አምስት ሴቶች ይጠብቋት ነበር፤ ክሩ ምን እንደሆነ አልጠየቀችም።

እኔ ነገሩን አውቀዋለሁ። በስፌት ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ትልቅ የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። ከሴቶቹ መሀል የወር አበባዋ የመጣባት በዚያ ቀን ላይ ወረቀቱን በመርፌ በስታ የየራሷን ቀለም ክር ታስርበታለች። ክር ያሰረች ሴት ሁለት ቀን ከባዱን የእንፋሎት ካውያ ቆማ አትይዝም፤ ተቀምጣ ቁልፍ ትተክላለች። ማንም ማንንም አይጠይቅም። ቆራጩ ሽማግሌ ነው፤ ክሩን እንዳላየ ሆኖ ሥራውን ያደላድላል። የሚጢጢ ክር ሰማያዊ ነው።

ቆይ እስቲ ማሽኑን ይዛ ብዙ ቆየች። ማህፀኑ ባዶ ነበር። በግራ በኩል አንድ የጠረጠረችው ነገር ነበር፤ ግን የእንቁላል ማፍሪያው ራሱ ይሁን ወይ አንጀት መለየት አቃታት። የክሊኒኩን ወጣት ዶክተር ጠራችው።

ዶክተሩ ካርዱን አነበበ። «በቀኑ ስንሄድ አራት ሳምንት ከሦስት ቀን ነው። በዚህ ጊዜ ምንም ባይታይ ምን ይገርማል? ከሁለት ሳምንት በኋላ ትምጣ፣ ያን ጊዜ ይታያል።»

«ቆይ እስቲ፣ ዶክተር። ጎኗን ያማታል።»

«ሲስተር፣ ቀኑን ሙሉ ጎብጣ የምትሰፋ ሴት ጎኗን ባያማት ነበር የሚገርመኝ።»

«ደሙስ?»

«አንዳንዴ ያጋጥማል። እሺ፣ ለልብሽ እንዲመችሽ ደሟን ዛሬ ውሰጂ፣ ረቡዕም ድገሚው።»

ደሟን ወሰደች። ከዚያ የልጄን ሁለት እጆች ይዛ ቀስ ብላ ነገረቻት። «ስሚኝ፣ የኔ እህት። እርግዝና አለ፤ የት እንዳለ ግን ገና አላወቅንም። ጤነኛ ከሆነ በደምሽ ውስጥ ያለው የእርግዝና ሆርሞን ቁጥር በሁለት ቀን በደንብ ያድጋል። ረቡዕ ጠዋት ትመጫለሽ። በመሀል ሕመሙ ከበረታ፣ ካዞረሽ፣ ወይ የትከሻሽን ጫፍ ካመመሽ ረቡዕን አትጠብቂ፤ ወዲያው ነይ።»

«ትከሻ? ትከሻ ምን አገባው?»

«ሆድ ውስጥ ደም ከፈሰሰ ሕመሙ እዚያ ይወጣል። አስታውሺ ብቻ።»

ልጄ አንገቷን ነቀነቀች። የሰማችው ግን የዶክተሩን ነበር። በር ላይ ባሏን «አራት ሳምንት! ምንም አይገርምም አለ!» ስትለው፣ እሱ ቆቡን አድርጎ፣ መልሶ አውልቆ፣ እዚያው ቆሞ ለእናቱ ደወለ። ድምፁ እስከ ልብስ ማጠቢያው ድረስ ይሰማ ነበር።

የሰኞው ደም ቁጥር አንድ ሺህ አራት መቶ ስድሳ ሆነ። ቆይ እስቲ ማክሰኞን በሙሉ ያንን ወረቀት ከኪሷ እያወጣች እየመለሰች ዋለች። «ጥሩ ነው መጥፎ?» ብዬ ጠየቅኋት። «ብቻውን ምንም አይነግረኝም፣ እትዬ። ጓደኛው እስኪመጣ ነው» አለችኝ። ያን ቀን የመድኃኒት ቤቱን በር እጀታ ዘጠኝ ጊዜ ነካችው፤ ጆሮዬ ነው የቆጠረው።

ረቡዕ ጠዋት ልጄ አልመጣችም።

ሦስት ሰዓት ሆነ። አራት ሰዓት ሆነ። ቆይ እስቲ በየሴቷ መሀል ብቅ እያለች «መጣች?» ትለኛለች። ስደውል ስልኳ አይነሣም። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትእዛዝ ስለደረሰባቸው ቆራጩ የሁሉንም ስልክ ሰብስቦ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል። ባሏን አገኘሁት፤ መንገድ ላይ ነበር። «ደሙ ቆመ እኮ፣ አክስቴ! ደህና ናት፣ ሥራ ገብታለች። ዶክተሩ በሁለት ሳምንት አላለም እንዴ?» አለኝ።

ይህን ስነግራት ቆይ እስቲ ዳቦዋን አስቀመጠች።

«ስፌት ቤቱ ሩቅ ነው?»

«ብዙም አይርቅ...»

ሳልጨርስ ጋውኗን አውልቃ ወጥታለች። እኔ ጉልበቴን ያመኛል፤ እሷ ሃያ እርምጃ ትቀድመኝና ቆማ ትጠብቀኛለች፣ ደርሼባት ትንፋሼን ሳልሰበስብ እንደገና ትሄዳለች። ከአንድ ቁልፍ ቀራጭ ሱቅ ፊት ለፊት ባለው ደረጃ ወጣን። ስፌት ቤቱ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሥራ አንድ የስፌት መኪና በአንድ ጊዜ ሲጮኽ ወለሉ ከእግር በታች ይርገበገባል። ሰማያዊ ዩኒፎርም እስከ መስኮቱ ድረስ ተከምሯል። ልጄ ጥግ ላይ ቆማ በዚያ ከባድ ካውያ እጅጌ ትተኩሳለች። ፊቷ ነጥቷል፤ አንድ እጇ ግራ ጎኗ ላይ ነው።

«ሚጢጢ! እንግዳ መጥቶልሻል!» ብላ የጮኸችው ከመኪና ኋላ ያለች ወፍራም ሴት ናት። ቀኑን ሙሉ ስለምታወራ «ሬዲዮ» ይሏታል።

ልጄ እኛን ስታይ አፈረች። «ሲስተር፣ ልመጣ ነበር። ደሙ ቆሞ ነው። ሥራውም...»

«አሁን ትመጫለሽ። ጎንሽስ?»

«ያው ነው።»

«ዩኒፎርሙ ቢቀር ልጆቹ ራቁታቸውን አይሄዱ፣ ሂጂ!» አለች ሬዲዮ። «ባለፈው ወርም እንዲሁ ነው ያደረገችው። ክሯን አስራ ቁጭ አለች። እኔም 'ለሁለት ቀን ከዚህ ካውያ ጋር ተጋባሁ' ብዬ ተነሣሁላት። በማግስቱ ገና ለምሳ ሳንወጣ ካውያውን ነጠቀችኝ! 'ምነው፣ ደምሽ ፈቃድ ወጣ እንዴ?' ብያት ነበር።»

ሁሉም ሳቁ። ቆይ እስቲ አልሳቀችም።

«ቆይ እስቲ» አለች። «ምን አልሽ?»

«ኧረ ቀልዴን ነው።»

«ቀልዱን ድገሚልኝ።»

ሬዲዮ ደገመችላት፤ ድምፅዋ ግን ቀንሷል። «ሌላ ጊዜ እኮ ሁለተኛው ቀን ላይ እንደ ጨርቅ ነው የምትታጠፈው። ያን ጊዜ ግን ምንም አልሆነችም። እኔ ደስ አለኝ።»

ቆይ እስቲ ወደ ልጄ ዞረች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ቆራጩ እንዳይሰማ በጀርባዋ ከልላት ጠየቀቻት። «ያን ጊዜ የመጣብሽ ደም እንደ ሌላ ጊዜው ነበር?»

«ትንሽ ነበር። ጠቆር ያለ፣ እንደ ሻይ ዝቃጭ። አንድ ቀን ተኩል ቢሆን ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀኑን ነው የጠየቅሽኝ፣ ሲስተር። ቀኑን ነገርኩሽ።»

«እውነትሽን ነው» አለች ቆይ እስቲ። «ክሩ የታሰረበት የት ነው?»

የቀን መቁጠሪያው ያለፈው ወር ገጽ አይቀደድም፤ በጀርባው የደንበኛ ልክ ስለሚጻፍበት ወደ ኋላ ታጥፎ ይቀመጣል። ገጹን ገልጣ ሰማያዊውን ክር አገኘችው። ሌላ ገጽ ገለጠች። እዚያም ሰማያዊ ክር አለ።

«በዚህኛው ጊዜስ?»

«በዚህኛውማ ሞቼ ነበር» አለች ሚጢጢ። «ሬዲዮ ናት ቤት ድረስ ያደረሰችኝ።»

ቆይ እስቲ በጣቷ እያንዳንዱን ቀን እየነካች ቆጠረች። ሃምሳ ዘጠኝ ቀን። ሰኞ ዕለት ሲቆጠር ደግሞ ሃምሳ ሰባት። የአራት ሳምንት ሳይሆን ስምንት ሳምንት ያለፈው እርግዝና ነው። እኔ ትምህርቴ ብዙ አይደለም፤ ግን ከዚያ ግድግዳ ኋላ ስንት ዓመት ተቀምጫለሁ። በአራት ሳምንት ባዶ ማህፀን ምንም አይደለም። በስምንት ሳምንት ግን ማህፀን ውስጥ ልብ ሲመታ መታየት ነበረበት።

ቆራጩ ሽማግሌ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ መጣ። ምንም አልጠየቀም። ሣጥኑን ከፍቶ የልጄን ስልክ ሰጣትና ካውያውን ራሱ ያዘው።

ከሰዓት በኋላ ደሟ ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ ቆይ እስቲ እንደገና አስተኛቻት፤ መጀመሪያ በሆዷ ላይ፣ ቀጥሎ ከውስጥ በሚታይበት መሣሪያ አየቻት። እኔ የልጄን እጅ ይዤ ዓይኔን የማሽኑ መስታወት ላይ ተክያለሁ። በግራ በኩል፣ በማህፀኑና በእንቁላል ማፍሪያው መሀል፣ የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ነጭ ቀለበት ነበረች፤ መሀሏ ጥቁር ነው። ቆይ እስቲ በመሣሪያው ቀስ ብላ ገፋ አደረገች። የእንቁላል ማፍሪያው ወደ አንድ ጎን ሲንሸራተት ቀለበቷ ለብቻዋ ቀረች። ደግማ ገፋች። ሦስተኛም ገፋች። ሁለቱ የተያያዙ አልነበሩም።

«ቱቦው ላይ ነው» አለች ቀስ ብላ። «አልፈነዳም። ከማህፀኑ ጀርባ የፈሰሰ ደም የለም።»

ዶክተሩ የደሙን ወረቀት ይዞ ገባ። አንድ ሺህ ሰባት መቶ አሥር። በሁለት ቀን ቢያንስ በግማሽ ማደግ የነበረበት ቁጥር ተጎትቶ ተጎትቶ እዚያ ነው የደረሰው። መስታወቱን አየ።

«የሰጠችን ቀን የተሳሳተ ነበር?»

«ቀኑ ልክ ነው። ደሙ ነው የወር አበባ ያልነበረው። ምን ዓይነት ደም እንደነበር ሳልጠይቅ ጻፍኩት።»

«እኔም ሳልጠይቅ አነበብኩት» አለ ዶክተሩ፤ ወዲያው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ስልክ ሊደውል ወጣ።

ሚጢጢ ጣሪያውን እያየች ነበር። «ሲስተር» አለች። «ወደ ማህፀኔ ልትመልሱት አትችሉም?»

«አይቻልም፣ የኔ እህት።»

«ትንሽ እኮ ነው የሚርቀው።»

ቆይ እስቲ ቅባቱን ከሆዷ ላይ በጨርቅ እየጠረገች፣ የጠረገችውን ቦታ ደግማ ጠረገች። «አይቻልም» አለች።

ባሏ መኪናውን የትም አቁሞ እየሮጠ ሲመጣ አምቡላንሱ በር ላይ ነበር። «ሰኞ ደህና ናት አላላችሁም?» ብሎ ቆይ እስቲ ላይ ጮኸ። «ለእናቴ ደውዬ! ለሰው ሁሉ ነግሬ!»

«ሰኞ አላወቅንም ነው ያልኩት» አለችው። «ዛሬ ግን አውቀናል። ና ግባ፣ እጇን ያዝ፤ ስትፈልግ መንገድ ላይ እኔን ትሰድበኛለህ።»

ገባ። አልሰደባትም።

ሆስፒታል ያለችው ስፔሻሊስት እሷም ራሷ እንደ አዲስ አይታ፣ የሁለቱን ቀን ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጣ፣ ያንኑ አለች። ቀለበቷ ትንሽ ስለሆነች፣ ልብ ስላልታየባትና ቱቦው ስላልፈነዳ ቢላዋ አያስፈልግም ተባለ፤ መርፌ ነው። መርፌው ያለበት ቦታ ላይ እርግዝናውን ያከስመዋል፤ ቱቦውም ሳይቆረጥ ሊተርፍ ይችላል። ማህፀን ውስጥ ያለ ልጅ ቢሆን ኖሮ እሱንም ያጠፋው ነበር። ቆይ እስቲ ሁለቱን ቀን ለምን እንደዚያ እንደተብከነከነች የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሰኞ ቸኩላ ለመርፌው ብትልካትም፣ ሁለት ሳምንት ብትተዋትም፣ ሁለቱም በጭፍን መሄድ ነበር።

ከመርፌው በኋላም ዕረፍት አልነበረም። በአራተኛው ቀን ቁጥሩ ወርዶ ይገኛል ስንል ጭራሽ ጨምሮ አንድ ሺህ ስምንት መቶ ዘጠና ሆነ። ባሏ እንደ እብድ አደረገው። ቆይ እስቲ «መጀመሪያ እንዲህ ያደርጋል፤ ሰባተኛውን ቀን እንይ» አለችው እንጂ፣ እኔ ኮቴዋን እሰማ ነበር። በሰባተኛው ቀን አንድ ሺህ ሦስት መቶ። ከዚያ በየሳምንቱ አራት መቶ ሃያ፣ ስድሳ፣ አሥራ አንድ። ልጄ በየሳምንቱ እየመጣች ክንዷን ትዘረጋለች። ከቆይ እስቲ ጋር አትነጋገርም። ሰላም ስትላት ወደ እኔ ትዞራለች። ቆይ እስቲም አትጫናትም፤ መርፌውን ሳታሳምማት ወግታ ጥጡን ትይዝላታለች።

በመጨረሻው ሳምንት ወረቀቱን ሚጢጢ ራሷ ተቀብላ አነበበችው። ሦስት ይላል።

«አለቀ ማለት ነው?»

«አለቀ» አለች ቆይ እስቲ። «ድነሻል። ቱቦሽም አለ። ለጥቂት ወር አታርግዢ፤ መርፌው ከሰውነትሽ ይውጣ። ሌላ ጊዜ ባረገዝሽ ቀን ግን ሳትውይ ሳታድሪ መጥተሽ ትታያለሽ።»

ልጄ ወረቀቱን አራት አድርጋ አጠፈችው። ከዚያ ሁሉ ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ አየቻት። «ታዲያ አሁን እኔ ምን ላድርግ፣ ሲስተር? ተመስገን ልበል ወይስ ላልቅስ?»

«ሁለቱንም» አለቻት። «በየተራ።»

ውጪ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥን። መጀመሪያ አለቀሰች፤ ብዙ አለቀሰች፤ ወረፋ የያዙት ሴቶች ተጠጋግተው ቦታ ለቀቁላት። እኔ ጀርባዋን አሻሸሁላት። ሲወጣላት አፍንጫዋን በመሐረቤ ጠረገች፣ ሰዓቷን አየች፣ «አክስቴ፣ ራበኝ» አለች።